አፓቺ ኢንኩቤተር፦ ወረቀቱን አጥብቆ ይፈትሻል፣ ሰዉን ግን ራሳችሁ ቁጠሩ

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌሮችን የሚያስተዳድረው አፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ አዳዲስ ፕሮጀክቶችን የሚያሳድግበትን ኢንኩቤተር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከውጭ የሚመጣ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ «ፖድሊንግ» እየተባለ እዚህ ይቆይና፣ ደርሷል ሲባል ራሱን ችሎ ይመረቃል። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ክፍያው ሌላ ነው። የንግድ ምልክቱና የኮድ ማከማቻው ለፋውንዴሽኑ ይተላለፋሉ፤ ፕሮጀክቱን የጀመረው ኩባንያም ከዚያ ወዲያ ብቻውን መወሰን አይችልም። ይህ የማይዋጥለት ኩባንያ ባይገባ ይሻለዋል።

አገልግሎቱ የሚመሰገነው በሪሊዝ (ለሕዝብ በሚለቀቅ የሶፍትዌር እትም) ፍተሻው ነው። የፖድሊንግ ሪሊዝ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፤ መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ቀጥሎ በኢንኩቤተሩ ኮሚቴ። እያንዳንዱ ዙር ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አዲስ አበባ ያለውም ሳን ፍራንሲስኮ ያለውም ፋይሉን አውርዶ ለማየት ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ለማለፍ ቢያንስ 3 የኮሚቴ አባላት +1 (እደግፋለሁ) ማለት አለባቸው፣ +1ዎቹም ከ-1ዎቹ (ከተቃውሞዎቹ) መብለጥ አለባቸው። ብዙ ጀማሪ አንዲት -1 ሪሊዙን የምታግድ ይመስለዋል፤ አታግድም። ሜንተሮች፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚያማክሩት የኮሚቴው አባላት፣ በመጀመሪያው ዙር የሰጡት ድምፅ ለሁለተኛውም ስለሚቆጠር፣ ንቁ ሜንተር ያለው ፕሮጀክት ብዙም አይጉላላም። ሜንተሮቹ ከጠፉበት ግን ሦስተኛዋን +1 ሲለምን ሳምንታት ሊያልፉት ይችላሉ። የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመትም ይሄው ነው፤ ሜንተሮች በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ማንም አያስገድዳቸውም።

ሪሊዝ የሚወድቀው በተለመዱ ነገሮች ነው። በምንጭ ኮዱ ጥቅል ውስጥ የተረሳ ጃር ፋይል (የተጠናቀረ የጃቫ ኮድ) ይገኛል። የፋይሉ ስም «ኢንኩቤቲንግ» የሚለውን ቃል አይዝም፣ ወይም ፕሮጀክቱ ገና በኢንኩቤተሩ እንዳለ የሚገልጸው የዲስክሌመር ፋይል ይጎድላል። የፈራሚው ቁልፍ በቁልፎች ፋይል ውስጥ ስለሌለ የፒጂፒ (ዲጂታል) ፊርማው አይረጋገጥም። አፓቺ ራት የተባለው መሣሪያ የፈቃድ ራስጌ የሌላቸውን ፋይሎች ለቅሞ ያወጣል፤ እሱ ንጹሕ ነው ስላለ ብቻ ግን አትተኙ። ከሌላ ሰው የተቀዳች አንዲት የጃቫስክሪፕት ፋይል በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀች ብትሆን፣ ላይሰንስ ፋይሉ ውስጥ መጠቀሷን የሚያረጋግጠው ሰው ነው። የግድ መጠቀስ ያለባቸው የባለቤትነት ማስታወቂያዎች የሚገቡበት ኖቲስ ፋይል ደግሞ በተቃራኒው ይበላሻል፤ የማያስፈልገው ሁሉ ይታጨቅበታል። ከአፓቺ ፈቃድ ጋር በማይስማማው የጂፒኤል ፈቃድ ያለ ጥገኛ ላይብረሪን በመደበኛ ሪሊዝ ከጥቅሉ ጋር ማውጣት አይፈቀድም። ችግሩ ገና ካልተፈታ ጉድለቶቹን የሚዘረዝር «በሥራ ላይ» የሚባል ልዩ ዲስክሌመር አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሪሊዞች ተጠቀሙበት፣ ለምረቃ ግን ይዛችሁት አትቅረቡ።

የስም ማጣራቱን ደግሞ በገባችሁበት ወር ጀምሩት። ስሙ ከሌላ የንግድ ምልክት ጋር እንደማይጋጭ የፋውንዴሽኑ የምልክት ኃላፊ ሳያጸድቅ ምረቃ የለም። ፕሮጀክቶች ለመጨረሻ ያቆዩትና ስሙ ሲወድቅ የፓኬጅ ስም፣ ድረ ገጽና ሰነድ ሁሉ እንደ አዲስ ይለወጣል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ደርሰናል ወይ?» ለሚለው የአፓቺ የብስለት መለኪያ ሰንጠረዥ ይቀርባል፤ ኮድ፣ ፈቃድ፣ ሪሊዝ፣ ጥራት፣ ማኅበረሰብ፣ የውሳኔ አሰጣጥ፣ ነጻነት። በቅንነት ከተሞላ ጠቃሚ ነው። ሆኖም «አዎ» ብሎ መሙላት በጣም ቀላል ስለሆነ፣ እኛ ከሰንጠረዡ ይልቅ የድምፅ መዝገቡን እናምናለን። የሜንተሮችን ስም ሰርዙና፣ ባለፉት ሁለት ሪሊዞች ላይ ጥቅሉን አውርደው፣ ፊርማውን አረጋግጠው፣ ከምንጩ ገንብተው +1 ያሉትን ቁጠሩ። ከ3 ካነሱ አልደረሳችሁም፤ ከምረቃ በኋላም ሪሊዝ የሚያልፈው በ3 ድምፅ ነውና። ሦስቱም ደመወዛቸውን ከአንድ ኩባንያ የሚያገኙ ከሆነ፣ አንድ የበጀት ስብሰባ ሊበትናቸው ይችላል። ሪሊዙን ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው የሚያዘጋጀው ከሆነም ቀጣዩን ለአዲስ ኮሚተር (ኮድ የማስገባት መብት ላለው አባል) ስጡት፤ ሰነዱን ብቻ እያነበበ ካልጨረሰው ሰነዱ ገና ነው።

የቆይታው ርዝመት ስለ ብስለት ብዙም አይናገርም። የዳታ ማቀነባበሪያው ስፓርክ በሰኔ 2013 ገብቶ በየካቲት 2014 ተመረቀ፤ ዛሬም ደህና ነው። የሥራ ፍሰት ማቀናበሪያው ኤርፍሎው በ2016 ገብቶ ምረቃው በ2019 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። የዲፕ ለርኒንግ መሣሪያው ኤምኤክስኔት ግን በ2017 ገብቶ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 ተመረቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ያቆሙ ፕሮጀክቶች ወደሚቀመጡበት «አቲክ» ተዛወረ። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶም ሰዉ ሊሳሳ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

የምረቃው ሂደት ራሱ አጭር ነው። ፕሮጀክቱ ይወያያል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ የኮሚቴ አባላትንና የሊቀመንበሩን ስም የያዘ የውሳኔ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ ኢንኩቤተሩ አይቶ ለቦርዱ ያቀርባል። ቦርዱ የሚሰበሰበው በወር አንዴ ስለሆነ፣ አጀንዳው ከመዘጋቱ በፊት ያልደረሰ ረቂቅ አንድ ወር ይጠብቃል።

የክላውድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ከሚያስተዳድረው ከክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ጋር ብናነጻጽረው፣ እዚያ ምረቃ በገለልተኛ ወገን የተሠራ የደኅንነት ኦዲትና ቢያንስ ከሁለት ድርጅቶች የመጡ ኮሚተሮችን ይጠይቃል፤ የኮንቴይነር ማስተዳደሪያው ኩበርኔቲስ በ2018 መጀመሪያ የተመረቀው እዚያው ፋውንዴሽን ውስጥ ነው። አፓቺ ኦዲት አያስገድድም። የዳታ ወይም የጃቫ ፕሮጀክት ያለው፣ ኩባንያው ስሙን ለመልቀቅ የተስማማና ንቁ ሜንተሮችን አስቀድሞ ያገኘ ቡድን አፓቺን ቢመርጥ አይቆጭም። ከክላውድ መሠረተ ልማት ጋር የተሳሰረ ፕሮጀክት ግን ወደ ሁለተኛው ይሂድ፤ የኦዲቱ ጥያቄ ብቻውን ለተጠቃሚው ትርፍ ነው።