ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ ቡና ለምታፈላው እህታችን ምስጋና

ሰላም የወሎ ልጆች። ይህችን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ እሺ አይለኝም። ስሟን አልጽፍም፣ ራሷም «ተው፣ ስሜን እንዳታወጣው» ብላኛለች። ግን ደሴ ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ አረንጓዴ ሸራ ዘርግታ፣ ጀበናዋን ከሰል ላይ ጥዳ የምትውል ሴት ካያችሁ እሷ ናት። አረፍ በሉና አንድ ስኒ ጠጡ። በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

እኔ ከቡና ጋር ያለኝ ነገር የቆየ ነው። ልጅ ሆኜ አምባሰል እናቴ ቡና መውቀጥ ስትጀምር ጎረቤት የምጠራው እኔ ነበርኩ፣ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» እያልኩ በየደጁ እሮጣለሁ። ለትምህርት ደሴ ስገባ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ብር አዋጥተን አንድ ማኪያቶ ለሁለት ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲያለብሰው ያቺን ብርጭቆ እየተቀባበልን እጃችንን እናሞቅባት ነበር። ሥራ ስይዝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲና ሚሌ ከሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር እየተጋፋሁ ጠጥቻለሁ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ፒያሳ ቶሞካ ጎራ ሳልል አልመለስም። በ1940ዎቹ የተከፈተ ቤት ነው፣ ሰው ቆሞ ጠጥቶ፣ ቆሞ አውርቶ ይሄዳል፣ ሽታው ከልብስ አይለቅም።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ጥለን ወጣን። ስንመለስ የተዘረፈው ብዙ ነው፣ ያ የለመድኩት ካፌም ማሽኑ የለም፣ ወንበሩ የለም። በዚያ ሰሞን እኔ ባለሁበት ሰፈር መጀመሪያ እሳት ያነደዱት የጀበና ቡና ሴቶች ናቸው። ሰው ሁሉ እነሱ ጋ ነበር የሚገናኘው፣ ማን ተረፈ፣ ማን የት ገባ የሚባለውም እዚያው ነው። እሷም ሥራውን የጀመረችው ያኔ እንደሆነ ነግራኛለች። እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በቅርቡ እናቴን ለዓይኗ ሞራ ደሴ አምጥቼ አሳከምኳት። ሐኪሞቹ ምን እንዳደረጉ እኔ አላውቀውም፣ ብቻ በሰላም አለቀ፣ አልሃምዱሊላህ። ስንወጣ አንዱ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላኛውም በደንብ አያይላትም። «ልጄ፣ ቡና ካልጠጣሁ ራሴ ሊፈነዳ ነው» አለችኝ። ሰዓቱ አልፎባት ነበር።

ቅርብ ያገኘሁት ካፌ ይዣት ገባሁ። መስታወትና ሶፋ ያለው፣ የሚያምር ቤት ነው፣ ስሙን ተዉት። እናቴ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው፣ የገጠር ሰው ናት፣ እንዲህ ነው የኖረችው። ጨው ብላ ስትጠይቅ አስተናጋጇ ሳቀች። መሳቋ ሳያንስ ጓደኛዋን ጠርታ ነገረቻት። ከዚያ እናቴ ጠረጴዛውን ስትዳብስ የውሃው ብርጭቆ ተደፋ። «ማዘር፣ ተጠንቀቂ እንጂ!» እናቴን! በ«አንቺ»! ፋሻውን እያየቻት! ቡናው ሲመጣ ደግሞ ቅራሪ ነው፣ የማን ትርፍ እንደሆነ እንጃ። ገና ሳንጨርስ ሂሳቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «ተነስ ልጄ፣ እንሂድ» አለችኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ እሷ ናት የያዘችኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እጇን ይዤ መንገዱን ስንሻገር ነው ያቺ ሴት ያየችን። እኔ ምንም ሳልናገር ተነስታ መጣች፣ የእናቴን ሌላኛውን ክንድ ያዘች፣ «እማማ፣ እዚህ በርጩማ አለ፣ ከኋላዎ ነው፣ ቀስ ብለው» እያለች አስቀመጠቻት። ብርድ እንዳይመታት ብላ ከከሰሉ አጠገብ ነው ያስቀመጠቻት። ትንሽ ካወሩ በኋላ «እማማ፣ በጨው ላድርግልዎት?» አለቻት። ራሷ! እናቴ «ጨው አለሽ እንዴ ልጄ?» ስትል «ጨው እንዴት ይጠፋል!» አለቻት። የእናቴ ፊት ሲፈታ አየሁት።

ስትቀዳላት ስኒውን አልሞላችውም። ጎደል አድርጋ ቀዳች፣ ታችኛውን በጨርቅ ጠረገች፣ ከዚያ የእናቴን ጣቶች በራሷ እጅ ይዛ ስኒው ላይ አስቀመጠቻቸው። «ትኩስ ነው፣ እፍ ይበሉበት» አለቻት። ይህን ማን አስተማራት? እኔ ልጇ ሆኜ ስኒውን ጎደል ማድረግ ትዝ አላለኝም ነበር።

እናቴ ቡና ሳትመርቅ አትጠጣም። እጇን ስትዘረጋ ጎረቤት ያለው ሱቅ ሙዚቃ ይጮሃል። ልጅቷ «አንተ፣ ቀንስልኝ፣ ዱአ እየተደረገ ነው» ብላ ተጣራች፣ እሷ ራሷ አንገቷ ላይ ማተብ አላት። ጀበናዋን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች፣ ስልካቸውን የሚነካኩት ወጣቶችም ቀና ብለው «አሚን» አሉ። «ጓዳሽ ይሙላ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የወለድሽው ይባረክልሽ» እያለች መረቀቻት፣ ልጅቷ ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻለሁ።

መንገድ ላይ ቡና የሚሸጠው በስኒ ተቆጥሮ ነው፣ ታውቁታላችሁ። እሷ ግን ከአቦሉ ሌላ ቶናውንም በረካውንም ለእናቴ ቀዳች። የሁሉንም ልክፈል ብላት «የአቦሉን ብቻ ስጠኝ፣ እማማ በረካ ሳይጠጡማ አይሄዱም» አለችኝ።

የቡናዋን ጣዕም እንዴት እንደምታመጣው አልገባኝም። ስትቆላው ሽታው መንገድ ማዶ ይደርሳል፣ የትናንት ቡና አሙቃ አትሰጥም፣ ቆሎዋም ትኩስ ነው። ከዚያ ወዲህ ደሴ በወረድኩ ቁጥር ሌላ ቦታ አልቀመጥም። እናቴም አሁን ዓይኗ ተሽሏታል፣ ስደውል «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ሳትለኝ አትዘጋም። በቀደም ሽምብራ ቆልታ ልካላታለች።

እህቴ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥሽ። እናንተ ደግሞ እባካችሁ ሂዱ፣ ጠጡላት፣ ለሰው ንገሩላት። ጠዋት በጊዜ ነው የምትጀምረው። ዝናብ ሲሆን ሸራው ሥር ስለሚጠብ ትንሽ ታገሱ፣ ዝርዝር ብርም ያዙላት። እናት ወይ አባት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ንገሯት፣ ከከሰሉ አጠገብ ያለውን በርጩማ ታስለቅቅላችኋለች።