የሳንድቪክ ኮሮማንት የፍጥነትና የፊድ ማስሊያ በአሮጌ ቶርኖ ላይ

ሳንድቪክ ኮሮማንት የተባለው የስዊድን የመቁረጫ መሣሪያ አምራች በነጻ የሚያቀርበው የስልክ ማስሊያ ለቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ ለሚቆርጠው ማሽን)፣ ለሚሊንግ (መቁረጫው ለሚሽከረከርበት ማሽን) እና ለቀዳዳ ሥራ የስፒንድሉን (የማሽኑን የሚሽከረከር ዘንግ) ዙር በደቂቃ፣ ፊዱን (መቁረጫው ወደፊት የሚጓዝበትን መጠን)፣ በደቂቃ የሚነሣውን ብረት መጠንና የሚያስፈልገውን የሞተር ጉልበት ያወጣል። ግምገማዬ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) ላላቸው ድርጅቶች ሳይሆን ፍጥነቱ በጊር እጀታ በሚቀያየር ቶርኖ ለሚሠሩ ባለሙያዎችና ለቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞች ነው። እዚያ ዙር የሚመረጠው በአብዛኛው በጆሮና በልማድ ሲሆን፣ ልማዱም ከሃይ ስፒድ ስቲል (ከካርባይድ የቀደመ የመቁረጫ ብረት) ዘመን የተወረሰ ነው።

ይህ ውርስ ዋጋ ያስከፍላል። ለስላሳ ብረትን በሃይ ስፒድ ስቲል ሲቆርጡ የብረቱ ገጽ በመቁረጫው ጫፍ በደቂቃ 30 ሜትር አካባቢ ቢያልፍ ተገቢ ፍጥነት ነው፤ የካርባይድ ኢንሰርት (ከጠንካራ ካርባይድ የተሠራ ተቀያሪ የመቁረጫ ጫፍ) ግን 150 ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ካርባይድን በድሮው ፍጥነት የሚያሠራ ሰው መሣሪያውን የጠበቀ ቢመስለውም፣ ብረቱ በኢንሰርቱ ጫፍ ላይ እየተጣበቀ የሥራውን ገጽ ይቦጭረዋል፤ የተጣበቀው ሲላቀቅም የካርባይዱን ጫፍ ይዞ ይሄዳል።

ማስሊያው ይህን በቁጥር ያሳያል። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር ለሆነ ዘንግ 150 ሜትር በደቂቃ ሲገባ 955 ዙር ይወጣል። የጊር ቶርኖ ግን 955 የሚባል ዙር የለውም፤ 900 እና 1120 ካሉት 900ው ይመረጣል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እዚህ ላይ ስሌቱን መገልበጥ መቻሉን ነው፤ 900 ዙር ሲገባ እውነተኛው ፍጥነት 141 ሜትር መሆኑን ይነግራል። ዘንጉ ተላግቶ 30 ሚሊሜትር ሲደርስ በዚያው ዙር ፍጥነቱ ወደ 85 ይወርዳል፤ ስለዚህ ጊሩን ወደ 1400 መቀየር ያስፈልጋል፣ ያኔ 132 ይሆናል። ሲኤንሲ ይህን ማስተካከያ ራሱ ሲያደርገው በአሮጌው ቶርኖ ላይ ኃላፊነቱ የባለሙያው ነው።

የጉልበት ስሌቱ ደግሞ ለደካማ ሞተር ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። አንድ ካሬ ሚሊሜትር ቅራፊ ለመቁረጥ 2000 ኒውተን ገደማ የሚጠይቅ ብረት በ150 ሜትር፣ በ2 ሚሊሜትር ጥልቀትና በዙር 0.2 ሚሊሜትር ፊድ ሲላግ 2 ኪሎዋት ይበቃዋል። ጥልቀቱ 3፣ ፊዱ 0.3 ሲሆን ግን 4.5 ኪሎዋት ይጠይቃል። ባለ 4 ኪሎዋት ሞተር በቀበቶና በጊር አንድ አምስተኛው ከባከነበት ቻኩ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው መያዣ) ላይ የሚያደርሰው 3.2 ብቻ ስለሆነ፣ ቶርኖው እንደሚታፈን ብረቱ ሳይነካ ይታወቃል።

ዋናው ጉድለቱ ግን የመነሻውን ፍጥነት ባለሙያው ራሱ ማምጣት ያለበት መሆኑ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ለሰጠው ሰው የተሳሳተውን በትክክል አስልቶ ይመልሳል። ቁጥሩ የሚገኘው በኢንሰርቱ ሳጥን ላይ በቀለም ተለይቶ ነው፦ ሰማያዊው ለስቲል፣ ቢጫው ለስቴንለስ፣ ቀዩ ለጊዛ ብረት። ኢንሰርት ከሳጥኑ ወጥቶ በፍሬ ሲሸጥ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ገዢዎች ቢያንስ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ እንዲያነሡት አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚህም ሌላ የአምራቹ የፍጥነት ሠንጠረዦች የሚነሡት ኢንሰርቱ 15 ደቂቃ እንዲቆርጥ በሚል ስሌት ነው፤ ለጥቂት የጥገና ሥራ አንድ ኢንሰርት ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚፈልግ ባለሙያ ከዚያ ዝቅ ማለት አለበት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1907 በታተመው ጥናቱ እንዳሳየው የመቁረጫን ዕድሜ ከምንም በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነትንና ዕድሜን በሚያገናኘው ቀመሩ ለካርባይድ በተለመደው 0.25 ኤክስፖነንት ሲሰላ ፍጥነትን በ20 በመቶ መጨመር ዕድሜውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። የተላላ ስፒንድልና ከቻክ ርቆ የወጣ ቀጭን ዘንግም በቀመሩ ውስጥ የሉም፤ ንዝረት ሲጀምር ውሳኔው እንደገና የእጅና የጆሮ ይሆናል።

ማስሊያው አማርኛ የለውም፤ ሆኖም ምልክቶቹ በማሠልጠኛ ተቋማት ከሚሰጡት ቀመሮች ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ አያስቸግርም። ለሰልጣኝ የምሰጠው ምክር መጀመሪያ በእጁ አስልቶ ከዚያ እንዲያመሳክርበት ነው። የራሱ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ደግሞ የማሽኑን የጊር ዙሮች ከየዲያሜትሩ ጋር አንድ ጊዜ አስልቶ በሠንጠረዥ መልክ ከጊር ሳጥኑ አጠገብ ቢለጥፍ፣ ዘይት በነካው እጁ ስልክ መክፈት አያስፈልገውም።