ለክረምት የመንገድ ፎቶ የትኛው ካሜራ? ላስቲክ የለበሰው ወይስ ዝናብ የሚችለው አሮጌ

ሰኔ በገባ ቁጥር ከሦስትና ከአራት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። በዝናብ መንገድ ላይ ፎቶ ለማንሳት የተለመደውን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ገዝቶ የዝናብ ልብስ ማልበስ ይሻላል፣ ዝናብ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ያገለገለ ካሜራ መፈለግ ይሻላል፣ ወይስ ውኃ ይችላል የሚባለው ስልክ ይበቃል? እኔ የምደግፈው ሁለተኛውን ነው። የተማርኩት ገንዘቤን ከስሬ ስለሆነ ሚዛናዊ ለመምሰል አልሞክርም።

ጃንጥላ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ሲወርዱ የሚገኘው ፎቶ፣ ማለትም ፌስታል በራሱ ላይ ያጠለቀ የታክሲ ረዳት፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር የተጠጋጉ ሦስት ተማሪዎች፣ መብራቱን አብርቶ በጎርፉ መሀል የሚያዘግም ሚኒባስ፣ ከቆርቆሮ ጥግ ተጠልሎ የሚነሳ አይደለም። የዝናብ ጠብታ በፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከበስተኋላው ሲያገኘውና ጀርባው ጨለም ሲል ነው፤ ስለዚህ አንሺው ፊቱን ወደ መኪናው መብራት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ነፋሱ አዙሮ መቆም ይኖርበታል። የጃንጥላውን እጀታ በአንገቱና በትከሻው መካከል ቢያጣብቅ እንኳ ከጎን የሚመጣው ዝናብ ካሜራውን ያገኘዋል።

በ2014 ዓ.ም. ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከነሌንሱ በ28,000 ብር ገዛሁ። የዝናብን ነገር ሳነሳበት ሻጩ «ቦዲው ብረት ነው፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። በመጀመሪያው ክረምት ፌስታል ቀድጄ፣ በሌንሱ ዙሪያ በላስቲክ አስሬ ሠራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያ ፌስታል በኋላ ከገዛሁት የዝናብ ልብስ የተሻለ ነበር። ልብሱን «ኦርጅናል» ነው ተብዬ በ1,800 ብር ነው የወሰድኩት። የታወቀ ስም ተሰፍቶበት፣ ጨርቁም ወፍራም ሆኖ ስላየሁት አመንኩት። ካሜራው ከተበላሸ በኋላ ወደ ውስጥ ገልብጬ በመስኮት ብርሃን ፊት ሳነሳው የመርፌው ቀዳዳ ሁሉ እንደ ወንፊት በርቶ ታየኝ። በትክክል በተሠራ የዝናብ ልብስ ላይ ስፌቱ ከውስጥ በኩል በሚለጠፍ ጥብጣብ ይታሸጋል፤ የእኔው ላይ ጥብጣብ የሚባል ነገር አልነበረም። በገበያው የሚሸጠው አብዛኛው ልብስ እንደዚያው በመሆኑ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩ።

ነሐሴ 2015 ላይ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሜ ስሠራ የካሜራው ምርጫዎች ማንም ሳይነካቸው መለዋወጥ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ጠፋ። ፒያሳ በአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። «ባትሪውን መቼ አወጣኸው?» አሉኝ። «ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፣ ጋሼ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የላይኛውን ክዳን ከፍተው፣ በወረንጦ ጫፍ አረንጓዴ የሆነች ቀጭን የመዳብ መስመር አሳዩኝ። እንደነገሩኝ፣ ባትሪው ወዲያው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የገባው ጥቂት ውኃ ደርቆ ካሜራው ሊተርፍ ይችል ነበር፤ መስመሩን የበላው በእርጥቡ ሰሌዳ ላይ ሲመላለስ የቆየው ኤሌክትሪክ ነው። ለጥገናው 9,500 ብር ከፈልኩ፤ ዋስትና እንደማይሰጡኝም አስቀድመው ነገሩኝ። ከጥምቀት በኋላ ካሜራው ዳግመኛ ጠፋ። በመጋቢት 2016 ወደ እርሳቸው ስመለስ ፎቁ ከአካባቢው ጋር ፈርሶ ጠበቀኝ፤ ወዴት እንደሄዱም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሒሳቡን በወረቀት አስፍሬዋለሁ። ካሜራው 28,000፣ ልብሱ 1,800፣ ጥገናው 9,500፣ በድምሩ 39,300 ብር ነው። ለመለዋወጫ ሸጬ 4,000 ብር ስላገኘሁበት የተጣራው ኪሳራ 35,300 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያገለገለ ኦሊምፐስ ኦኤም-ዲ ኢ-ኤም5 ከ12-50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ሲያመጣልኝ ሁሉንም ጨምሮ የከፈልኩት 36,000 ብር ነው። ልዩነቱ 700 ብር ብቻ ሲሆን፣ ይህኛው ዛሬም ይሠራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን የሁሉም ዋጋ ስለዘለለ፣ ይህንኑ ጥንድ ለሚፈልግ ሰው ከ50,000 ብር በታች እንዳያስብ ነው የምመክረው።

ኢ-ኤም5 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በዘመኑ መለኪያ አሮጌ ካሜራ ነው። የምመርጠው በቁልፎቹ፣ በባትሪው በርና በሌንሱ መግጠሚያ ላይ የጎማ ማሸጊያ ስላለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አብሮት ይሸጥ የነበረው 12-50 ሌንስ ራሱ የታሸገ በመሆኑ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የታሸገ ቦዲ (ያለ ሌንሱ ካሜራው ራሱ) ላይ ያልታሸገ ሌንስ ከተገጠመ ውኃው በሌንሱ በኩል ይገባል፣ ለማሸጊያው የተከፈለው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል። ከዚሁ ኩባንያ ትንሹ 14-42 ሌንስ የታሸገ አይደለም። ደላሎች «ያው ነው» እያሉ የሚያቀርቡት ኢ-ኤም10 ደግሞ መልኩ እጅግ ቢመሳሰልም ጨርሶ ማሸጊያ የለውም። ስሙ ላይ ያለችው አንዲት ዜሮ የክረምቱን ዕጣ ትወስናለች። የካነን ካሜራ የያዘም ቢሆን ቦዲው ስለታሸገ ብቻ እንዳይዘናጋ፤ ኤል ከሚባለው ውድ ምድብ ውጭ ያሉት ሌንሶቹ በአብዛኛው ማሸጊያ የላቸውም።

ሌንስ የታሸገ መሆኑን ለማወቅ ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም። ሌንሱን አውልቃችሁ የብረቱን መግጠሚያ ዙሪያ ተመልከቱ፤ ቀጭን የጎማ ቀለበት ካለው ጥሩ ምልክት ነው፣ ከሌለው በዝናብ አትመኑት። ቀጥሎ የባትሪውን በር ከፍታችሁ ጎማው ያልተቀደደና ያልደረቀ መሆኑን በጥፍራችሁ ዳስሱ። በመጨረሻ የስልካችሁን መብራት በሌንሱ አንድ ጫፍ አብርታችሁ በሌላው ጫፍ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካያችሁ ሻጋታ ስለሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ መልሳችሁ ስጡ። ካሜራው ከዚህ ቀደም ለጥገና ተከፍቶ ከሆነም ማሸጊያው እንደ ፋብሪካው መመለሱን የሚያረጋግጥላችሁ ሰው የለም።

ጉድለቱን አልደብቅም። የ12-50 ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባው በጥቂቱ ነው፤ ሰፊ ሲሆን ኤፍ3.5፣ ሲያቀርብ ደግሞ ኤፍ6.3 ስለሚሆን (ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ያንሳል)፣ ሰማዩ በጠቆረበት ከሰዓት ጠብታውን አየር ላይ ለማስቆም የሚፈለገውን የሰከንድ 500ኛ ፍጥነት ለማግኘት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ፎቶውም አሸዋማ ይሆናል። እኔ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ወደ ሰከንድ 60ኛ አወርደዋለሁ፣ ያን ጊዜ ዝናቡ ክር ክር ሆኖ ይወጣል፣ ለቸርችል ቁልቁለት ይህ ይበልጥ ይስማማል። ሁለተኛው ችግር ጥገና ነው። የጠየቅኋቸው ሦስት ጠጋኞች ካነንና ኒኮን እንጂ ይህን ካሜራ እንደማይከፍቱ ነግረውኛል፤ ኦሊምፐስም የካሜራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2021 ለሌላ ባለቤት አስተላልፏል። ከተበላሸ ተስፋ የለውም ብላችሁ ግዙት።

ሦስተኛው ችግር ባትሪ ነው፤ ይህ የራሴ ስስት ውጤት ነው። ኮፒ ባትሪ በ1,200 ብር ገዝቼ በአራተኛው ወር አብጦ ከጉድጓዱ አልወጣ አለኝ። በቀጭን የፕላስቲክ ማንኪያ ጫፍ እየነቀነቅሁ ለማውጣት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ የበሩን ጎማ ቀድጄው ቢሆን ኖሮ ማሸጊያው እዚያው ያበቃ ነበር። ኦርጅናሉን በ3,500 ብር ከገዛሁ ወዲህ ችግር የለብኝም።

የታሸጉ ሌሎች ካሜራዎች የሉም ማለቴ አይደለም። ፔንታክስ ኬ-70 ደብሊውአር (ዝናብ የሚችል ለማለት ነው) ከሚል ሌንስ ጋር ቢገኝ በደስታ እመክረዋለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሸጥ ግን አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ፉጂፊልም ኤክስ100ቪ የሚመኙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሲወጣ 1,399 ዶላር ነበር፤ ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ ወደ 140,000 ብር ይጠጋል። በዚያ ላይ ዝናብ የሚችለው ለብቻ የሚገዛ ቀለበትና ማጣሪያ ከፊቱ ሲገጠምለት ነው፤ ኮፒ ማጣሪያ ገጥሞ ታሽጓል ብሎ ማመን ከባድ ድፍረት ነው።

ስለ ስልክ ብዙ የምለው የለኝም። አይፒ68 የሚለው ውኃና አቧራ የመቋቋም ደረጃ የሚሰጠው አዲስ ስልክ በንጹሕ ውኃ ተፈትኖ ነው። በእኛ ገበያ የሚሸጠው ያገለገለ ስልክ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ የተቀየረ ስለሆነ የፋብሪካው ማጣበቂያ ተላጥቷል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ታሪክ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ጠብታ ሲያርፍበትም ጣት የነካው ይመስለዋልና በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንሱ። ስልኩ አስቀድሞ ካላችሁና ገንዘብ ከሌላችሁ ግን በእርሱ ጀምሩ፤ 500 ብር ለደህና ጃንጥላ ጨምሩበት።

የትኛውንም ብትገዙ ከብርዱ ወደ ሞቀ ቡና ቤት ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡት፤ እንፋሎቱ ሌንሱ ላይ ይቀመጣልና ሩብ ሰዓት ታገሡት። ማታ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ አሳድሩት። ሩዝ ውስጥ የሚቀብሩትን አትስሟቸው፤ ዱቄቱ በየቀዳዳው ይገባል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «አንተ ያልከውን አገኘሁ፣ በ30,000 ብር ብቻ» ብሎ የማስታወቂያውን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶውን አስፍቼ ስሙን ሳነበው ዜሮዋ አለች። የሌንሱን መግጠሚያ ፎቶ ከሻጩ እንዲጠይቅ ነገርኩት፤ ሻጩም የካርቶኑን ፎቶ ላከለት።