«ቆዩ» ብለው ቤት ላበቁን አማካሪያችን

የቤታችንን ቁልፍ ከተረከብን ሦስት ሳምንት ሆነን። ግማሹ ዕቃ ገና ከካርቶን አልወጣም፤ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ።

እኔ በጽዳት ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። 11 ዓመት በኪራይ ስንኖር አምስት ጊዜ ዕቃ ጠቅልለናል። ስለዚህ ብድር ልታገኙ ትችላላችሁ ሲሉን ዓይናችንን ጨፍነን ልንፈርም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ናት እጄን ይዛ እኚህ አማካሪ ዘንድ የወሰደችኝ። ሥራቸው እንደኛ ገቢው አነስ ያለ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤቱን እንዲገዛ መርዳት ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል።

ወረቀታችንን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ቆዩ» አሉን። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ከፋኝ። እንደናቁን ነው የቆጠርኩት። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው ብድሩን በእርሳስ እያሰሉ ያሳዩኝ ጀመር። በዓመት 6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብንበደር፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 83 በመቶ ያህሉ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው የቀረው ብቻ። ከፍለን ስንጨርስ የተበደርነውን ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍለናል። በ15 ዓመት ቢሆን ጠቅላላው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል፣ የየወሩ ክፍያ ግን በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ልጄ፣ አበዳሪው ስንት ሊያበድርሽ እንደሚችል ይነግርሻል፤ ከዚያ በኋላ ለልጆችሽ ምን እንደሚተርፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ ደብተር ሰጡንና ክፍያውን አስለመዱን። ቤቱን የገዛን ያህል ቆጥረን፣ በኪራያችንና በወደፊቱ የቤት ወጪ መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ባንክ አስገባን። የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ብድሩን ብቻ አይቆጥሩም። ግብሩን፣ መድኑን፣ የጥገናውንም ጭምር ያስገባሉ። በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ታሞ ሥራ ሲቀር ማስገባት አቃተን። ያን ቀን ነው «ቆዩ» ያሉበት ምክንያት የገባኝ፤ ፈርመን ቢሆን ኖሮ ገና በሦስተኛ ወራችን ውዝፍ ውስጥ እንገባ ነበር። በ14 ወር የተጠራቀመው ያ ገንዘብ ደግሞ ለቅድመ ክፍያው ዋለ።

ቤት ስንፈልግም አልተለዩንም። አንዱን ቤት እኔ ገና ከበሩ ወድጄው ነበር። እሳቸው ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገው ከኋላው ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ግድግዳው እርጥበት ስለነበረው አዲሱ ቀለም ተላጦ ወደቀ። ሻጩ ምንም አልተናገረም። አመስግነን ወጣን። በሌላው ቤት የብድር ውል ላይ ደግሞ ወለዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊለወጥ እንደሚችል የሚናገረውን መስመር አስምረው፣ «ይህን ሳያስረዱሽ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቋሚ ወለድ ያለው አማራጭም ነበራቸው። ዛሬ የያዝነው እሱን ነው።

ቤት ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ አማካሪ ስትፈልጉ በመጀመሪያ ለአማካሪው ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እኚህ እናት ከሻጭም ከአበዳሪም ኮሚሽን አይቀበሉም፤ ብንገዛም ብንተወውም የሚያገኙት ነገር የለም። «ቆዩ» ለማለት የደፈሩትም ለዚህ ይመስለኛል። ሽያጩ ካልተፈጸመ የማይከፈለው ሰው ይህን ቃል ማውጣት ይከብደዋል።

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ትንሿ ልጄ የራሷን አልጋ ጥግ ራሷ መርጣለች፤ መጥተው እስኪያዩላት በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ሊያገኟቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ። ስትሄዱ የሦስት ወር የገቢና የወጪ ማስረጃችሁን ያዙ፣ ዕዳ ካለባችሁም አትደብቋቸው።