ፕሌትሌት የሚያግድ ወይስ የረጋ ደም የሚያሟሟ?

ብዙ ሰው ሁለቱንም የመድኃኒት ዓይነቶች «ደም ማቅጠኛ» ይላቸዋል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሴሎች፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። አስፒሪን ፕሌትሌቶች እንዲጣበቁ የሚያደርገው ትሮምቦክሴን የተባለው ኬሚካል እንዳይመረት ያግዳል። አንዴ የነካው ፕሌትሌት እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አያገግምም። በትንሽ መጠን በቀን አንዴ መዋጡ የሚበቃውም ለዚህ ነው። ክሎፒዶግሬል የሚዘጋው ሌላ በር ነው፤ ፕሌትሌቶች «ተጣበቁ» የሚለውን የኤዲፒ ኬሚካል መልእክት የሚቀበሉበትን ተቀባይ። መጀመሪያ ግን ጉበት ሊለውጠው ይገባል። ሁለቱም አስቀድሞ የረጋን ደም አያሟሙም።

ያ የእነ አልቴፕሌዝ፣ ቴኔክቴፕሌዝና ስትሬፕቶካይኔዝ ሥራ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፕላዝሚኖጅን የተባለ ፕሮቲን ወደ ፕላዝሚን ይለውጣሉ። ፕላዝሚን ደግሞ የረጋውን ደም አስሮ የያዘውን ፋይብሪን ይበጣጥሳል። የሚሰጡት በመርፌ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ደጋግሜ ብለው አይሰለቸኝም። ለስትሮክ አልቴፕሌዝ በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። እሱም በሲቲ ስካን ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። እየደማ ላለ አንጎል መድኃኒቱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። አስፒሪንም ያደማል፣ በተለይ ጨጓራን፤ አደጋው ግን የዚህን ያህል አይደለም።

ስትሬፕቶካይኔዝ ከባክቴሪያ ስለሚገኝ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። አንዴ የወሰደ ሰው በድጋሚ ካስፈለገው ከሌሎቹ የረጋ ደም አሟሚዎች አንዱ ይመረጥለታል።