ታፔላ የሌለው ኳስ ቤት፣ የሚከራይ ብርድ ልብስና አንድ በረኛ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልገባሁበት ኳስ ቤት የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ቀን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ማታ ኳስ አያለሁ። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። መጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጦ መናደድ ለኔ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ስለ ኳስ ቤት ስጽፍ ዝም ብዬ አይደለም።

ይሄኛው ቤት ጠባሴ አካባቢ ነው። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው፤ በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ ይጻፋል። ገና ሊገባ ሰሞን፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ሰው አድርሼ ስመለስ በሩን አየሁት፦ «ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ካናዳ ከ ስሎቫኪያ። ጥሎ ማለፍ»። ካናዳና ስሎቫኪያ በምን ተገናኙ? የወዳጅነት ጨዋታ ነው እንዳልል ጥሎ ማለፍ ይላል። ባጃጇን አቁሜ ገባሁ።

መግቢያ 20 ብር። ከዚያ ባለቤቱ «ብርድ ልብስ?» አለኝ። አዎ፣ ብርድ ልብስ ያከራያል። 10 ብር። መጀመሪያ ሳቅኩ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለው ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ መከራየት ምን ይሉታል? ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ደግሞ ወሩ የውርጭ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተከራየሁ። ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ያሞቃል ግን።

ጨዋታው እግር ኳስ አልነበረም። የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የዓለም ሻምፒዮና፣ ሩብ ፍጻሜ። ያውም የዛሬ ሳይሆን የቆየ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ካናዳ ውስጥ ሃሊፋክስ የሚባል ከተማ የተደረገ። የባለቤቱ ወንድም ካናዳ ይኖራል፤ ለእረፍት ሲመጣ በፍላሽ ይዞለት መጣ። «የቆየ ጨዋታ በ20 ብር?» ብሎ አንዱ ተነጫነጨ። ባለቤቱ ደግሞ «ውጤቱን ታውቀዋለህ?» አለው። አያውቀውም። ማናችንም አናውቀውም። የቤቱ ሕግ ወዲያው ታወጀ፦ ስልኩ ላይ ውጤት የፈለገ የሁላችንንም ሻይ ይከፍላል። 14 ነበርን። ሻይ 15 ብር ነው። ስልክ ያወጣ አልነበረም።

የሰውዬውን ብልጠት ያየሁት ጨዋታውን ሲያስረዳ ነው። ደንብ ምናምን አልዘረዘረም። «ገና ነው» አለ። «ገና በበረዶ ላይ፣ ጫማ ሥር ቢላ አስሮ።» አለቀ፤ ሁሉም ገባው። በትሩም እንደኛው የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ውድድሩ ራሱ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ በኛ ታኅሣሥ 17 አካባቢ ይጀምራል፤ የኛው ገና ሳይደርስ ያልቃል። ልዩነቱ ኳሷ ላይ ነው። የነሱ ጠፍጣፋ ጎማ ናት፣ 170 ግራም ገደማ፣ በረዶው ላይ እንዳትነጥር አቀዝቅዘው ነው የሚያስገቧት። ስሟ ፓክ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እንደ ገና ኳስ «ሩሯ» ሆነች።

እንግዲህ ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ነው። ለእግር ኳስ ይበቃል፤ ለሩር አይበቃም። ፊት ለፊቴ በርኖስ የደረቡ የመንዝ ጋሼ ተቀምጠዋል፤

«ሩሯ የታለች?»

«ያቻት ጋሼ።»

«የታለች?»

«አለፈች ጋሼ።»

እንዲህ እያልን አሥር ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ባለቤቱ መፍትሔ አገኘ። ከግድግዳው ላይ እውነተኛ የገና ዱላ አውርዶ ሩሯ የሄደችበትን በዱላው ጫፍ ስክሪኑ ላይ ይከተል ጀመር። ሐሳቡ አይከፋም። ግን ፊት የተቀመጥን ሰዎች ግማሹን ጨዋታ ያየነው በክንዱ ሥር ነው።

አሁን ስለ ጨዋታው። ስሎቫኪያ ከ5 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ ካናዳ ከ40 ሚሊዮን በላይ አላት። ሆኪ ደግሞ ለካናዳ ሃይማኖት በሉት። ያውም በሜዳዋ፣ በደጋፊዋ ፊት ነው የምትጫወተው። ቤቱ ውስጥ ማንም ተማከሩ ሳይል ሁላችንም ስሎቫኪያ ሆንን። ባለቤቱ ብቻ ለወንድሙ ሲል ካናዳ። አንዱ ተማሪ «ወንድምህ እኮ እዚያ ታክሲ ነው የሚነዳው፤ አጥቂ አይደለም» አለው።

ስሎቫኮቹ ዝም ብለው የመጡ አልነበሩም፤ በምድቡ አሜሪካን 6 ለ 3 አሸንፈዋል። ካናዳ ደግሞ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በቼክ 5 ለ 2 ተሸንፋለች። ባለቤቱ ይህን እየነገረን ሳለ ካናዳ ውርጅብኙን ጀመረች። አጥቂዋ ኮነር ቤዳርድ ይባላል፤ 17 ዓመቱ ነው። በዚያው ማታ በዚህ ውድድር ለካናዳ ብዙ ጎል በማግባት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። የስሎቫኪያው በረኛ አዳም ጋያን፣ 18 ዓመቱ። ጎሉ ከኳስ ጎል ጋር ሲነጻጸር የጓዳ በር ነው የሚያህለው፤ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22። ሰውዬው ደግሞ እንደ ፍራሽ የተነፋ መከላከያ ለብሷል። «ታዲያ ምን ያስቸግረዋል? ቁጭ ቢል ይሞላዋል» ያለም ነበር። አስር ደቂቃ አይቶ ዝም አለ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ (ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ) መብራት ጠፋ።

እዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር። ጄኔሬተር የለውም። 20 ብሬን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ላፕቶፑን ከገመዱ ነቅሎ መሐል ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ባትሪው እየሠራ ነው። 14 ሰው በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ፣ ብርድ ልብስ እንደለበስን፣ ትከሻ ለትከሻ። ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ቀነሰው። ሩሯ ከናካቴው ጠፋች። እናም የማናያትን ሩር ትተን የሁላችንም ዓይን በረኛው ላይ ሆነ። እሱን እያዩ ኳሷ የት እንዳለች ማወቅ ይቻላል። ጉልበቱ ሲታጠፍ እየመጣች ነው። ትከሻው ወደ ግራ ሲያዘነብል ዞራለች። በደረቱ ተኝቶ ጓንቱን ሲዘረጋ ይዟታል።

የባለቤቱ ልጅ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ይሆነዋል፣ የገብስ ቆሎ ሲኒ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። በረኛው ባዳነ ቁጥር አንድ ፍሬ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ ሲሞላ ይደረድራቸዋል። ካናዳ ትመታለች፣ ልጁ ያስቀምጣል። ስሎቫኮቹ ግን አልሞቱም። ካናዳ መራች ስትል ይደርሳሉ። መብራቱ የመጣው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል ነው። ከላፕቶፑ መነሳት ያልፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ጋሼ አንዱ ናቸው፤ «እዚሁ ይሻለኛል፣ ያ ዱላ የለም» አሉ።

መደበኛው ሰዓት 3 እኩል አለቀ።

ጭማሪው ላይ ከበረኛው ሌላ ሦስት ለሦስት ሆነው ነው የሚገቡት፤ ቀድሞ ያገባ ያልፋል። ስድሳ ሜትር የሚሆን በረዶ ላይ ስድስት ልጅ ብቻ ሲሮጥ ሜዳው እንደ ጃን ሜዳ ይሰፋል። ቤዳርድ ሩሯን ያዘ። አንዱን አለፈ። ሌላውን አለፈ። የሚያቆመው ያለ ሲመስል እሱንም አለፈ። ጋያን ፊት ደርሶ ሊመታ ነው ስትል አልመታም፤ አንቀሳቀሰው፣ በረኛው ተዘረጋ፣ ሩሯን ቀስ አድርጎ በጎን አስገባት። 4 ለ 3።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ እንኳ አልጮኸም፤ ዱላውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «ሦስት ሆነው አንድ ልጅ ማስቆም አቃታቸው?» አሉና ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በረኛውን ግን አትንኩብኝ» አሉ።

ልጁ ቆሎውን ቆጠረ። 41 ሆነ። ባለቤቱ አንድ ወረቀት አየት አድርጎ «53 ነው ያዳነው» አለ። ሁላችንም ወደ ልጁ ዞርን። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ካናዳ ከዚያ አሜሪካን 6 ለ 2፣ በፍጻሜው ቼክን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ይህን ባለቤቱ ሲነግረን ግማሹ ሰው ብርድ ልብሱን እያጠፈ ነበር፤ ማንም ብዙ አልሰማውም። የሰሙት ሌላውን ነው። ከስድስት ወር በኋላ የአሜሪካው ቺካጎ ክለብ፣ ክለቦች በተራ ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ምርጫ፣ ቤዳርድን አንደኛ መርጦ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት፣ ያው ክለብ፣ ጋያንን በ35ኛ ደረጃ መረጠው። ጋሼ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ዞረው «እንግዲያ ታርቀዋል» አሉ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ሻዩ ዝንጅብል አለበት፣ ትኩስ ነው፣ ብርጭቆው ንጹሕ። ጾም ስለነበር ሌላ የሚበላ ነገር ቆሎ ብቻ ነው፤ በሲኒ 20 ብር። ገብሱ በደንብ የታመሰ ነው፣ ጥርስ አይሰብርም። ወንበሮቹ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ናቸው፤ ወገብ የሚያመው ሰው ሁለት ሰዓት አይችልም። ሽንት ቤቱ ጎረቤት ግቢ ነው፤ ውሻው ይታሰራል ብለውኛል፣ አላጣራሁም።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር እናገራለሁ። የከሰል ማንደጃውን ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ ነው የሚያስቀምጠው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ከሰል ይገድላል። ነግሬዋለሁ፤ ከፍቶልኛል፤ ትንሽ ቆይቶ አንዱ በረደኝ ብሎ ዘግቶታል። እኔ ደግሞ ተነስቼ ከፈትኩት። እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ አመሸን።

መሐል ከተማ ያሉት ቤቶች ስክሪናቸው የዚህን ሁለት እጥፍ ነው፤ ጄኔሬተርም አላቸው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው የሚከፍቱት፤ ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ከበሩ ላይ ታውቀዋለህ። እኔ ለዚህኛው ከ5 ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ስክሪን ቢቀይር አራት ነበር።

ከሄዳችሁ ከኋላ በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። መስኮቱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው። ብርድ ልብስ ከቤታችሁ ያዙ።