ቻሪታ ወይስ አኑሳያ፣ ከየቱ ይጀመር?

ፒያሳ ቡና ላይ ስለ ቡድሂዝም ስናወራ ልጆቹ ቻሪታንና አኑሳያን አንድ እያደረጉ ስለሚያወሩ ነው ይሄን የምጽፈው። ቻሪታ የሚታየው ጠባይ ነው። ቡድሃጎሳ የሚባለው የቡድሂዝም መነኩሴ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ላይ ሆኖ 6 አድርጎ ዘርዝሮታል፣ ፍትወት የሚያይልበት፣ ቁጡ፣ ግራ የሚጋባ፣ አማኝ፣ አስተዋይ፣ ሃሳቡ የሚበዛበት። በጣም የምወድለት ደግሞ ሰውን በአካሄዱ፣ በአበላሉ፣ በአጠራረጉ ሳይቀር ይለያል፣ ቁጡው መጥረጊያውን ጥብቅ አርጎ ይዞ አሸዋውን ግራና ቀኝ እየበተነ ነው የሚጠርገው ይላል (አዘዞ እኛ ሰፈርም ጠዋት ግቢ ሲጠረግ በድምጹ ብቻ ማን እንደሆነ ይታወቃል)። ለቁጡው የሚታዘዝለት የሜታ ሜዲቴሽን ነው፣ ለሁሉም ፍጡር በጎ መመኘት።

አኑሳያ ግን 7 ሲሆን ውስጥ ተኝቶ ያለ ዝንባሌ ነው፣ ፍትወት፣ ጥላቻ፣ የተሳሳተ አመለካከት፣ ጥርጣሬ፣ ትዕቢት፣ የመኖር ጥማት፣ አለማወቅ። ቡድሃ በጀርባው የተኛ ጨቅላ እንኳን አኑሳያ አለበት ብሏል፣ ምኞት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ማለት ነው!

ለጀማሪ እኔ ቻሪታን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ዛሬውኑ ራስህን አይተህ የሚስማማህን ሜዲቴሽን ትይዛለህ። ግን ቁጣዬ በረደ ብለህ እዛው እንዳትቆም እሺ፣ በሜዲቴሽን እርጋታ የታፈነ አኑሳያ ሰበብ ሲያገኝ ይነሳል፣ የሚነቅለው ጥበብ ብቻ ነው እሱም በደረጃ፣ መጀመሪያ የተሳሳተ አመለካከትና ጥርጣሬ፣ ቀጥሎ ፍትወትና ጥላቻ፣ መጨረሻ ላይ ትዕቢት፣ የመኖር ጥማትና አለማወቅ።